የዋስ ነገር፤ ሃይማኖት፣ ፍልስፍናና ማኅበራዊ ኑሮ በየካና በሾላ ገበያ

የኢትዮጵያን ፍልስፍና የሚመረምሩ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ይኸውም ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ የተባለው ነው። ነገረ መለኮትን የሚያጠኑት ደግሞ በድርሳናትና በትርጓሜ መጻሕፍት ላይ ሲደክሙ፣ የሕዝብን ልማድ የሚመረምሩት ማኅበርን፣ ዕቁብንና ዕድርን እየመዘገቡ ቈይተዋል። ሦስቱ ጥናቶች ጐን ለጐን ቢሄዱም እርስ በርሳቸው እምብዛም አልተነጋገሩም። ፈላስፋው ዕድርን የልማድ ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል፤ የነገረ መለኮቱ ሊቅ ሐተታውን ከሃይማኖት የወጣ ድርሰት ነው ብሎ ይተወዋል፤ ልማድ መዝጋቢውም የዕድሩን መዋጮ ይቈጥራል እንጂ ከመዋጮው በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም።

ነገር ግን ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሰው ለማያውቀው ሰው በምን ይታመናል? ቃሉን ቢያፈርስ፣ ዕዳውን ቢክድ፣ ወይም ሞቶ የሚቀብረው ቢያጣ፣ ስለ እርሱ የሚቆም ማን ነው? አማርኛ ለዚህ አንድ አጭር ቃል አለው፤ ዋስ የሚለው ነው። ዋስ ማለት የሌላውን ሰው ዕዳ ወይም ቃል በራሱ ላይ ወስዶ የሚቆም ነው። ቃሉ በገበያ ይነገራል፤ በችሎት ይነገራል፤ በቅዱስ መጽሐፍም ይገኛል። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ በየካ ተራራ ሥር ያለው አገር፣ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ የተጐራበቱበት ስለ ሆነ፣ ይህን ሐሳብ ከመጽሐፍ እስከ ኑሮ ለመከተል የተመቸ ነው።

፩ ስለ ቦታው

ሾላ ገበያ በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ አጠገብ ይገኛል። ስሙ የዛፍ ስም ነው። ሾላ ጥላው ሰፊ፣ ፍሬውም የሚበላ ዛፍ በመሆኑ በብዙ አገር ሸንጎም ገበያም ከሥሩ ይውላል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት ዛፍ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሾላ ተብሎ ተተርጕሟል፤ ከዛፉ ሲወርድም በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል የገባ እርሱ ነው። በኦሮሞ ዘንድ ደግሞ የሾላ ወገን የሆነው ኦዳ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚታወጅበት ዛፍ ነው፤ ለቱለማ ኦሮሞ ይህ ስፍራ በዱከም አጠገብ ያለው ኦዳ ነቤ ነው። የካ የሚለውም ስም፣ እንደሚነገረው፣ አዲስ አበባ ከመቈርቈሯ በፊት በዚያ ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጐሣ የመጣ ነው። እንግዲህ ሰዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ቃል የሚተሳሰሩበት ልማድ በዚህ አገር ከከተማዪቱ የቀደመ ነው።

ከገበያው በላይ በተራራው ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። አፈ ታሪክ ሥራውን ለአብርሃና ለአጽብሓ ይሰጣል፤ የሕንፃ ታሪክ መርማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያወርዱታል። ከታችም በገበያው አካባቢ የካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የእንጦጦ ተራራ ይቀጥላል፤ በዚያም ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጭነዋል። ከዚያ በፊት በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች ባለው ፍል ውኃ አጠገብ አዲስ አበባን ቈርቍረው ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ባሕር ዛፍ ተራራውን ከሸፈነ ወዲህ እንጨቱን በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ የሚያወርዱት ሴቶች የዚህ አገር መታወቂያ ሆነዋል። በገበያው ቅቤና በርበሬ፣ እህልና ሽንኩርት፣ በበዓል ሰሞንም በግና ዶሮ ይሸጣል።

ይህ ኹሉ የሚነገረው ለአገሩ ውበት ሲባል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥትና ገበያ በአንድ አካባቢ በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ሰፈር ለመኖር ተገደዱ። በገጠር የሰው ዋሱ ዘመዱና ርስቱ ነበር፤ አባቱ ማን እንደ ሆነ፣ መሬቱም የት እንደ ሆነ ይታወቃልና። በከተማ ግን ርስቱ ሩቅ ነው፤ ዘመዱም አይታወቅም። ስለዚህ የዋስ ጥያቄ በአዲስ አበባ እንደ አዲስ ተነሣ።

፪ ቅዱሱ እንደ ዋስ

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለዚህ ጥያቄ የቈየ መልስ አለው። መጻሕፍት ስለ ዋስ የሚሉት ግን አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ምሳሌ ሰሎሞን ለማያውቁት ሰው ዋስ ከመሆን አጥብቆ ይከለክላል፤ ለእንግዳ የተዋሰ ይጐዳልና። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 7 ደግሞ ክርስቶስን የሚሻል ኪዳን ዋስ ይለዋል። እንደ ጥበበኛው ምክር ለእንግዳ ዋስ መሆን ስንፍና ነው፤ እንደ ሐዋርያው ትምህርት መዳን የተገኘው ስለ ሌላው በቆመ ዋስ ነው። ነጋዴው የፊተኛውን በኪሱ ይይዛል፤ የኋለኛውን በቅዳሴ ይሰማል። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል እንዴት እንደሚሻገረው ማኅበራዊ ኑሮው ይነግረናል።

በየወሩ 12 ቀን የሚከበረው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በኅዳር 12 ቀን ስንክሳርና በድርሳነ ሚካኤል የዱራታዎስና የቴዎብስታ ታሪክ ይነበባል። ባልና ሚስቱ የመልአኩን በዓል በየወሩ የሚያከብሩ ባለጸጎች ነበሩ፤ ረኃብ በመጣ ጊዜ ግን ለበዓሉ የሚያቀርቡትን አጡ። ዱራታዎስ ልብሱን ሸጦ በግ ሊገዛ ወጣ። በመንገድም መልአኩ መኰንን መስሎ ተገለጠለትና ልብሱን እንዳይሸጥ ከለከለው፤ ወደ በግ ጠባቂው፣ ወደ ዓሣ ሻጩና ወደ ስንዴ ባለቤቱ ሄዶ በእርሱ ስም በዱቤ እንዲወስድ አዘዘው። በዓሉ ከተፈጸመ በኋላ የዓሣው ሆድ ሲከፈት 300 የወርቅ ዲናር ተገኘበት። መልአኩም ከኹሉ አስቀድሞ የበጉን፣ የዓሣውንና የስንዴውን ዕዳ እንዲከፍሉ አዘዘ፤ የተረፈው ለእነርሱ ሆነ።

ይህን ታሪክ የሚያነቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ተአምሩን ብቻ ያያሉ። ነገር ግን የታሪኩ አካሄድ የገበያ አካሄድ ነው። የዱቤ ውል አለ፤ ሻጩ የማያውቀው ዋስ አለ፤ በመጨረሻም ዕዳ ከሀብት ይቀድማል። መልአኩ ወርቁን አስቀድሞ መስጠት ይችል ነበር፤ ነገር ግን አስቀድሞ የሰጠው ስሙን ነው። ድኻው በዓሉን ያከበረው በምጽዋት ሳይሆን በታመነ ዕዳ ነው፤ ክብሩም አልተነካም። በወር በወሩ የሚጠጣው የጽዋ ማኅበር በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። አባላቱ በተራ ይደግሳሉ፤ ጽዋው ከተረኛ ወደ ተረኛ ይሸጋገራል፤ ተረኛው ቢቸገር ማኅበርተኞቹ ይረዱታል። የማኅበሩ አለቃ በብዙ ቦታ ሙሴ ይባላል፤ ይህም ስም ከኦሪት የተወሰደ፣ ሕዝቡን በቃል ኪዳን የሚመራውን የሚያመለክት ነው። በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚቀርበው ሰንበቴም የዚሁ ወገን ነው።

እዚህ ላይ ሰው ለሰው የሚታመነው በቅዱሱ በኩል ነው። ማኅበርተኛው ጓደኛውን ቢከዳ የከዳው ሚካኤልን ነው። ይህ ዋስትና እጅግ ጽኑ ነው፤ ዳርቻ ግን አለው። በጽዋው ዙሪያ የሚቀመጠው ያንኑ ቅዱስ የሚያከብር ነው። ሙስሊሙ ጎረቤት፣ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነው ክርስቲያንም ከጽዋው ውጭ ይቀራል። በሸዋ ይህ ነገር ቀላል አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ የጠሩት ጉባኤ፣ በሸዋ ተስፋፍቶ የነበረውን የጸጋ ትምህርት አውግዞ ተዋሕዶን ያጸና፣ የወሎንም ሙስሊሞች እንዲጠመቁ የተገደዱበትን ዐዋጅ ያስከተለ ነበር። አዲስ አበባ ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ተቈረቈረች። አንድ ሃይማኖት ለአንድ መንግሥት በተባለበት ዘመን ማግስት፣ የብዙ ሃይማኖት ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ ተመሠረተች ማለት ነው።

፫ ልቡና እንደ ዋስ

ከቅዱሱ ዋስነት ውጭ ሌላ መሠረት የፈለገው ድርሰት ሐተታው ነው። እንደ መጽሐፉ ቃል ዘርዐ ያዕቆብ በ1592 ዓ.ም. በአክሱም አገር ከድኻ ገበሬ ተወለደ፤ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ተምሮ መምህር ሆነ። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ ከሰሱት፤ እርሱም ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አጠገብ ባለ ዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ክርስቲያኖች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ፣ ኹሉም ሃይማኖቴ እውነተኛ ነው ሲል አይቶ፣ በመካከላቸው የሚፈርደው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱም ፈጣሪ ለሰው ኹሉ እኩል የሰጠው ልቡና ነው የሚል ሆነ። በዚህ መሠረት ምንኵስናን፣ ጾምን፣ ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥን ነቀፈ፤ ባልና ሚስትም በጋብቻ እኩል ናቸው አለ። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ደግሞ ሁለተኛውን ሐተታ ጽፎ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትዳርና ከሰው ጋራ በሰላም ስለ መኖር አስተማረ።

መጽሐፉ ወደ ሊቃውንት ዐይን የመጣበት መንገድ ክርክርን አስነሥቷል። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑቺን መነኵሴ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለአንቷን ዳባዲ ላከው፤ ዛሬ በፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1904 ኤኖ ሊትማን ግእዙን ከላቲን ትርጕም ጋራ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ጸሐፊው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ኦይገን ሚትቮኽ ይህንኑ አጸና። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ግን ብዙ ጥራዝ ባለው ሥራቸው መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ ተከራከሩ። ጌታቸው ኃይሌ አስቀድመው ተጠራጥረው በኋላ እውነተኛነቱን ተቀበሉ፤ አናይስ ዊዮን ደግሞ በቅርቡ የኮንቲ ሮሲኒን ወገን በአዲስ ማስረጃ አጠናክረዋል።

ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው የደራሲው ማንነት ሳይሆን የሐሳቡ ዕጣ ነው። የ17ኛውም መቶ ዓመት ይሁን የ19ኛው፣ በሐተታው ውስጥ አንድ ነገር ይታያል። ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ከወጣ በኋላ በእንፍራዝ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠልሎ በጽሕፈት ሥራ ኖረ። ያመነበትን ግን ለሰው አልገለጠም፤ በውጭ ከክርስቲያኖች ጋራ እንደ ክርስቲያን ሆኖ ተመላለሰ። ምስጢሩን ያወቀው ደቀ መዝሙሩ ነው። ልቡናን ለሰው ኹሉ እኩል ዋስ ያደረገው ፈላስፋ፣ በልቡና የሚተሳሰሩ ሰዎች ማኅበር አልነበረውም። ሐሳቡ ለሰው ልጅ ኹሉ የተዘረጋ ሲሆን፣ የሚያድርበት ቤት ግን የአንድ ባለጸጋ ቤት ነበር። ወልደ ሕይወት ስለ አብሮ መኖር አብዝቶ የጻፈው ምናልባት ይህ ጉድለት ስለ ተሰማው ይሆናል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ የፍልስፍና ታሪክ በሐተታው ብቻ እንዳልቆመ ማስታወስ ይገባል። ፊሳልጎስ ከጽርእ በአክሱም ዘመን ተተርጕሟል፤ አንጋረ ፈላስፋ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሷል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድርና ስለ አደራ ሰፊ አንቀጾች አሉት። እነዚህ መጻሕፍት የጥበብን ቃል ከሥጋዊ ኑሮ ጋራ ያገናኙ ናቸው። ሆኖም ኹሉም በብራና የተጻፉ፣ በሊቃውንት የተነበቡ ናቸው። ብራና የማያነበው ነጋዴና እንጨት ተሸካሚዋ ስለ ዋስ ምን አሰቡ? ለዚህ ምስክሩ ያቆሙት ሥርዐት ነው።

፬ ጎረቤት እንደ ዋስ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ ዋስ ይጠሩ ነበር፤ ዋስ ያጣ ሰው ከባለዕዳው ጋራ በቁራኛ ይታሰር ነበር። በመንገድ የሚያልፍ ማንኛውም ሰው በሕግ አምላክ ተብሎ ሲጠራ ቆሞ የመፍረድ ግዴታ ነበረበት። ይህ ልማድ ሕግን ከመለኮት ጋራ፣ መንገደኛንም ከዳኝነት ጋራ ያያይዛል። በከተማ የተነሡት ዕቁብና ዕድር ቃላቸውን የወሰዱት ከዚሁ ችሎት ነው። አለቃቸው ዳኛ ይባላል፤ ጸሐፊ አላቸው፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል። በዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ያቀርባል፤ ምክንያቱም ገንዘቡን ከበላ በኋላ ቢቀር የተጐዳው የቀረው አባል ኹሉ ነውና። በገበያ ውስጥ ያሉ ሻጮች በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚጥሉት ዕቁብ ያለ ዋስ አንድ ዙር አይዘልቅም።

ከሙሴ ወደ ዳኛ የተደረገው የስም ለውጥ ትንሽ ይመስላል፤ ሐሳቡ ግን ትልቅ ነው። ሙሴ ቃል ኪዳኑን ከላይ ተቀብሎ ያወርዳል፤ ዳኛ ግን በመካከላቸው ቆሞ በተስማሙበት ደንብ ይፈርዳል። የማኅበሩ ዋስ ቅዱሱ ነበር፤ የዕድሩ ዋስ አባላቱ ራሳቸው ናቸው።

ይህ ለውጥ በቀብር ነገር እጅግ ይታያል። በመጽሐፈ ጦቢት የተጣለውን ሬሳ የሚቀብር ሰው ጻድቅ ተብሏል፤ መጽሐፉም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ ይቈጠራል። ሆኖም ጦቢት የቀበረው የወገኑን ሰዎች ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የሳንባ በሽታ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ቀባሪና ተቀባሪ አልተለየም፤ ቤተ ሰብ በአንድነት ታመመ፤ ብዙ ሬሳ ያለ ቀባሪ ቀረ፤ አውሬም እንደ በላው ያን ጊዜ የነበሩ ጽፈዋል። ሕዝቡ ያን ዘመን የኅዳር በሽታ ብሎ ጠራው፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ እየተቃጠለ ሰፈር የሚታጠንበትንም ልማድ ከእርሱ ጋራ ያያይዘዋል። ይህ ቀን የዱራታዎስ ታሪክ የሚነበብበት የሚካኤል ቀን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። በአንድ ቀን መቁጠሪያ ላይ የመልአኩ ዋስነትና የጎረቤት ማጣት ተገናኝተዋል።

ዕድርን ከዚያ ዓመት ጋራ በቀጥታ ማያያዝ አይገባም። ሊቃውንት ስለ አጀማመሩ አንድ ቃል የላቸውም። አንዳንዶቹ ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ በሥራ የመጡት ሰዎች ሬሳቸውን ወደ አገር ለመውሰድና እርስ በርስ ለመረዳዳት እንደ ጀመሩት ይናገራሉ፤ ሌሎቹ ከጣልያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜና ከዚያም በኋላ መስፋፋቱን ይገልጣሉ። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ፈቃዱ ገዳሙም በኋላ ጊዜ በጻፏቸው ጥናቶች ይህን ሥርዐት በሰፊው አስተዋውቀዋል። ለሐሳቡ ታሪክ የሚበቃው ግን ዕድር የከተማ ልጅ መሆኑ ነው። የሚያስፈልገውም ዘመዱ በሩቅ ያለ፣ ሞት ግን በቅርብ ያለበት ሰው ነው።

የሰፈር ዕድርን ደንብ የሚያነብ ሰው የፍልስፍና መጽሐፍ እንደሚያነብ ሊቈጥረው ይችላል። በመጀመሪያ ማን አባል እንደሚሆን ይወስናል፤ መለኪያውም ብዙ ጊዜ በሰፈሩ መኖር ነው እንጂ ትውልድ ወይም እምነት አይደለም። ቀጥሎ ማን ሲሞት ምን እንደሚከፈል ይደነግጋል፤ ለባልና ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለአባትና ለእናት፣ ለወንድምና ለእኅት፣ ለአማትና ለምራት እያለ በየደረጃው ይመድባል። ይህም ሰው ለማን የቀረበ ነው የሚለውን ጥያቄ በብር መመለስ ነው። ከዚያም ጡሩምባ ሲነፋ በቀብር መገኘት፣ ድንኳን መትከል፣ ከሐዘንተኛው ጋራ መቀመጥ ግዴታ እንደ ሆነ ይነግራል፤ የቀረውንም ይቀጣል። ገንዘብ ብቻ የሰጠ ሰው ግዴታውን አልፈጸመም፤ አካሉም መገኘት አለበት። የኢንሹራንስ ውል ከዕድር የሚለየው በዚህ ነው። ኢንሹራንስ ጉዳትን ይክሳል፤ ዕድር ግን ሰው ብቻውን እንዳያለቅስ ይዋሳል።

ሃይማኖቱ የተለየ ጎረቤት በሞተ ጊዜ የሚሆነውም ትምህርት ይሰጣል። ድንኳኑ አንድ ነው፤ ወንበሩም አንድ ነው። ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ እስከ መካነ መቃብሩ ይሸኛል፤ ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ ከቅጥር ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ጸሎቱን እያንዳንዱ በየሥርዐቱ ያደርሳል፤ ዕድሩ በጸሎቱ አይገባም። በሐረርም አፎቻ የተባለው ማኅበር በሙስሊሞቹ ከተሜዎች ዘንድ ለቀብርና ለሠርግ እንዲሁ ሲያገለግል ኖሯል፤ ይህም ሥርዐቱ የአንድ ሃይማኖት ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል።

እንግዲህ ሐተታውና ዕድሩ ወደ አንድ ስፍራ በሁለት መንገድ የደረሱ ናቸው። ሐተታው ሃይማኖቶችን ለልቡና ፍርድ አቀረበ፤ ኹሉንም ነቀፈ፤ ስለዚህም ብቻውን ቀረ። ዕድሩ ግን አንዱንም አልነቀፈም፤ ማንንም አላከራከረም፤ የሚያለያየውን ጥያቄ ከድንኳኑ ውጭ ትቶ፣ ሰው ሲሞት መቀበር አለበት በሚለው ላይ ቆመ። ፈላስፋው ያጣውን ማኅበር ያልተማሩት ጎረቤቶች አገኙት። ይህ ዝምታ ከእውቀት ማነስ የመጣ ሳይሆን፣ ምን ላይ መስማማት እንደሚቻልና ምን ላይ እንደማይቻል ለይቶ የማወቅ ጥበብ ነው።

፭ ስለ ተቃራኒ ሐሳቦች

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ከማኅበራዊ ሳይንስ የሚመጣ ነው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሰምና ወርቅ በተባለው መጽሐፍ የአማራን ባህል ግለኝነት የሚበዛበት፣ ለጋራ ሥራ የማይመች አድርገው ገለጡት። በገጠር ያዩት ነገር መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ርስትና ሙግት ሰውን ከወንድሙ ያለያዩ ነበርና። ነገር ግን ሰው ለሰው የማይታመንበት ባህል ዋስን ያበዛል፤ ይህም የመተማመን ፍላጎት ምልክት ነው። ዋስ የሚያስፈልገው ጥርጣሬ ባለበት ነው። ዕድር ሰው መልአክ ነው ብሎ አልተነሣም፤ መቀጫ የደነገገውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከፍልስፍና ነው። ፕላሲድ ቴምፕልስ እ.ኤ.አ. በ1945 ስለ ባንቱ ፍልስፍና ከጻፉ ወዲህ የአፍሪካ ሊቃውንት ተከራክረዋል። ፖሊን ሁንቶንጂ እ.ኤ.አ. በ1976 የሕዝብን ልማድ ፍልስፍና ብሎ መጥራትን ተቃወሙ፤ ፍልስፍና የግለሰብ ጸሐፊዎች ክርክር ነውና። ኬንያዊው ኦዴራ ኦሩካ ደግሞ ጠቢባንን በስማቸው እየጠየቁ ሐሳባቸውን በመመዝገብ መካከለኛ መንገድ ፈለጉ። የሁንቶንጂ ማስጠንቀቂያ ተገቢ ነው፤ ልማድ ኹሉ ሐሳብ አይደለም። የዕድር ደንብ ግን ባለቤት የሌለው ልማድ አይደለም። በስብሰባ የተከራከሩበት፣ በድምፅ የጸደቀ፣ በቃለ ጉባኤ የተጻፈ፣ በየጊዜውም የሚሻሻል ነው። የአማት ክፍያ ከእኅት ክፍያ ለምን ያንሳል ብሎ የሚነሣው ክርክር፣ ግዴታ ከደም ይመጣል ወይስ ከአብሮ መኖር የሚለው ክርክር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከኑሮው ራሱ ይመጣል። የዕድር በር ለኹሉ የተከፈተ አይደለም። መዋጮ የማይችል ድኻ ከውጭ ይቀራል፤ ከሰፈር ሰፈር የሚዘዋወረው ተከራይና የቀን ሠራተኛ አይመዘገብም። ከተራራው እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት ወርኃዊውን መክፈል ካቃታት ጡሩምባው ለእርሷ አይነፋም። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። የሰሎሞን ማስጠንቀቂያ ዕድሩንም አልተወውም፤ ለማይታወቅ ሰው ዋስ መሆን ያስፈራል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች አይ ቪ በሽታ ብዙ አባወራ በጨረሰ ጊዜ አንዳንድ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛውን በሕይወቱ ሳለ መርዳት፣ ወላጅ ያጡትንም ልጆች መጠበቅ ጀመሩ። ዋስትናው ከሙታን ወደ ሕያዋን የሰፋው በዚያ ጊዜ ነው።

፮ ሥርዐቱና መንግሥት

መንግሥት ለዕድር አንድ ዐይነት ፊት አሳይቶ አያውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበርና ስለ ዋስትና ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች አሉት፤ በአንቀጽ 3347 ደግሞ በሕጉ በተሸፈኑት ጉዳዮች ላይ የነበሩትን ልማዶች ሽሯል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ የወጣው የማኅበራት መመዝገቢያ ደንብ ማኅበራት ኹሉ በመንግሥት መዝገብ እንዲገቡ ጠየቀ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ ሲወረስ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ዕድርም ወደ ቀብር ሥራው ብቻ ተመለሰ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ለልማት እንዲያግዝ ተጋበዘ። በነዚህ ለውጦች ኹሉ መካከል ድንኳኑ ሳይነቀል ቈየ።

በዛሬው ጊዜ የሚፈታተነው ዐዋጅ ሳይሆን የሰፈር መነሣት ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ሰው ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲዛወር፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በኮሪደር ልማት በከተማዪቱ ብዙ የቈዩ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ የዕድር አባላት ተበታትነዋል። ብዙዎቹ ከሩቅ እየተመላለሱ በቀድሞው ዕድራቸው መቀበርን መርጠዋል፤ ሌሎቹ በአዲሱ ሕንፃ አዲስ ዕድር አቁመዋል። የመጀመሪያዎቹ ዋስነት ከመተዋወቅ ዘመን ይመጣል ሲሉ፣ የኋለኞቹ ከመጐራበት ይጀምራል ይላሉ። ሁለቱም የድሮውን ጥያቄ በአዲስ ቦታ እየመለሱ ናቸው።

በመፍረሱ የሚጠፋው ግን ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺህ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው በመትረፋቸው የድርሳናትና የገድላት ጥናት ታላቅ እርምጃ አድርጓል። ለዕድር መዝገብና ለቃለ ጉባኤው እንዲህ ያለ ትጋት አልታየለትም። ሰፈሩ ሲነሣ፣ ጸሐፊው ሲያርፍ፣ ደብተሩ ከዕቃ ጋራ ይጣላል። በዚያ ደብተር ውስጥ ግን ሰዎች ሳይተዋወቁ እንዴት እንደ ተማመኑ፣ ሃይማኖታቸውን ሳይክዱ እንዴት አብረው እንዳለቀሱ፣ ማንን እንደ ተቀበሉና ማንን እንደ መለሱ ተጽፏል። ድርሳነ ሚካኤል ቅዱሱን ዋስ አድርጎ ያሳየናል፤ ሐተታው ልቡናን ዋስ አድርጎ ያሳየናል፤ ጎረቤትን ዋስ የሚያሳየው ሦስተኛው መጽሐፍ በየካና በሾላ፣ በሌላውም የከተማዪቱ ሰፈር፣ በዕድር ጸሐፊዎች እጅ አለ። ተማሪዎችና መምህራን ከሰፈሩ ጋራ ሳይጠፋ እንዲሰበስቡትና እንደ ሌሎቹ ሁለቱ እንዲያነቡት ጊዜው አሁን ነው።